ባሩድ የሚቀምሱ ወንዶች

ባሩድ ምላሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን የሚጨፍን ወንድ አይቻለሁ። አንድ ሁለት ጊዜም አይደለም። እኛው ቤት፣ ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር፣ የገዛ ባለቤቴና ወዳጁ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጥቁሩን ዱቄት ይነኩና ምላሳቸው ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ማር እንደሚቀምስ ሰው ዝም ይላሉ። አንዱ «ይመራል» ይላል። ሌላው «መምረሩ እኮ ነው ደጉ» ይላል። እኔ ምድጃው ጋ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ አያቸዋለሁ። የሠራሁትን ወጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ቀምሶልኝ የማያውቅ ሰው!

የምንኖረው ከሽንፋ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቴ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። አባቱ ከበለሳ ደጋ ወርደው ዱሩን መንጥረው መሬት ያቀኑ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ መሬቱን ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እኩል አካፈሉ፤ ምንሽራቸውን ግን ለታናሹ፣ ለኔ ባል ሰጡ። ለምን ለታናሹ እንደሰጡ አላውቅም። ታላቁን እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። ምንሽሩ ከአልጋችን ራስጌ ተሰቅሎ ይኖራል። ክረምት ከበጋ በዘይት ይወለወላል። ዝናብ ጣሪያውን ሰርስሮ እኔ ላይ ሲያንጠባጥብ ባለቤቴ አይነቃም፤ ምንሽሩ ላይ አንዲት ጠብታ ብታርፍ ግን ዘሎ ይነሣል።

እንዲያ ዓይነቱ አሮጌ ጠመንጃ ጥይቱ ከገበያ ጠፋ። ክላሽ የያዘ ሰው አይቸገርም፤ ምንሽር የያዘ ግን ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። ቀድሞ ከወዲያ ማዶ ከሱዳን ብቅ ይል ነበር። እነሱ እርስ በርሳቸው መዋጋት ከጀመሩ ወዲህ፣ ድንበሩም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ እሱም ቀረ። ስለዚህ ወንዶቹ ቀለህ መልቀም ያዙ። ቀለህ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ የነሐስ ቅርፊት ነው። በሱ ውስጥ አዲስ ባሩድ ይጨምራሉ፣ ከላዩ እርሳስ ይደፍኑበታል፣ ከቂጡ ደግሞ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት የምትተፋ ትንሽ ቆብ ይተክሉበታል። ጥይት ሆነ ይላሉ። ወንድ ልጅ ያለቀ ነገር አልቋል ማለት አይሆንለትም።

ጥይቱ ለከርከሮ ነው ይላሉ፤ ከርከሮ ማሽላው ውስጥ መግባቱን አልክድም። ሌሊት ገብቶ ከሚበላው የሚያጋድመው ይበልጣል። ጠዋት ስትሄዱ እርሻው መሃል ከብት የተኛበት ይመስላል። ግን ከርከሮን የሚያባርር ነገር ሞልቷል፤ ውሻ አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ እሳት አለ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው «ከርከሮ በቆርቆሮ ሳባርር አባቴ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?» አለኝ። አባቱ መቃብር ውስጥ ናቸው። ማሽላው ግን ከመሬት በላይ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ያ ወዳጁ የመጣው። ሰዉ ሁሉ ኡስታ ይለዋል፤ በሱዳኖቹ ዐረብኛ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። የምን ባለሙያ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ገዳሪፍ ብዙ ዘመን ኖሮ ጦርነቱ ሲመጣ የተመለሰ ሰው ነው። አንዳንዴ ድንጋይ በባሩድ የሚፈነቀልበት ቦታ እሠራ ነበር ይላል፤ አንዳንዴ የጠመንጃ ጠጋኝ ረዳት ነበርኩ ይላል። እኔ ሚስቱን ወፍጮ ቤት አግኝቼ ጠየቅኋት።

«ገዳሪፍ ምን ነበር የሚሠራ?»

«ሻይ ቤት» አለችኝ።

ይህንን ለባለቤቴ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ሻይ ቤት የማይሰማ ነገር የለም» ብሎ አረፈው። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?

አንድ የገበያ ቀን ሦስታችንም መተማ ዮሐንስ ሄድን። እኔ ስኳርና ዘይት ልገዛ፣ እነሱ ባሩድ ሊመርጡ። ከድሮ ጀምሮ የምንገዛበት አንድ ነጋዴ አለ፤ ሙስሊም ነው፤ ሱቁ በር ላይ ሳሙናና ሽቶ ደርድሮ ይቀመጣል። ሰላምታውን ጨርሶ፣ የልጆቹን ደኅንነት ነግሮን፣ እነሱ ጆሮው ላይ ሲንሾካሾኩበት ፊቱን አጨማደደ። ከጓዳ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላቸው።

«ስለ ስኳሩ ጥያቄ ካላችሁ ልመልስ» አለ። «ይኼን ግን ሰው አምጥቶ አስቀመጠብኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሞክሬውም አላውቅ። ዕዳው በላያችሁ ነው።»

ሰውዬው ሐቀኛ ነበር። ሐቁን የሰማው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አንዱ ጣሳ ውስጥ ያለው እንደ ኑግ ጥቁርና ድቡልቡል ነው። ሌላው ግራጫ ሆኖ ዝርግ ዝርግ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ኡስታ ሁለቱንም መዳፉ ላይ ቆንጥሮ አየ፣ አሸተተ፣ ወደ ፀሐይ አወጣ፣ መልሶ አሸተተ። ባለቤቴ ትንፋሹን ውጦ አፍ አፉን ያየዋል። ታቦት ሲወጣ እንኳ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ድቡልቡሉ ቁጡ ነው» አለ ኡስታ። «ዝርጉ ታጋሽ ነው።»

«ለምንሽር ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«እንደ ጠመንጃው ጠባይ ነው።»

«የኔው ኃይለኛ ነው።»

«ኃይለኛ ከሆነ ታጋሹ ያበርደዋል። ግን ታጋሹ ብቻውን ያሰንፈዋል።»

አላስቻለኝም። «ይኼ ሰው እኔን ሲያጭ ቁጡ ትሁን ታጋሽ ብሎ ማንንም አልጠየቀም» አልኩ። ነጋዴው ሳቁን በእጁ አፈነ። ባለቤቴ ግን አልሰማኝም። ጣቱን ምላሱ ላይ አድርጎ ነበር።

በመጨረሻ የትኛውን መረጡ? ሁለቱንም። ቁጡውንና ታጋሹን ቀላቅለን መሃል ላይ እናመጣዋለን አሉ። ያን ሁሉ ማሽተት፣ ያን ሁሉ መቅመስ፣ ያን ሁሉ ፀሐይ ላይ ማየት ሲያበቁ፣ ሳይመርጡ ተመለሱ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ግን ጦር ድል አድርጎ እንደመጣ ሰው እየተሳሳቁ ነበር። እኔ ስኳሩን ታቅፌ ኋላ ተቀመጥኩ።

ቆቧን ደግሞ ኡስታ ራሱ አመጣት። አንድ የሳርዲን ጣሳ ሙሉ፤ የት እንዳገኛቸው አይናገርም፤ ግማሾቹ አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል። እሷን የሚመርጥበት መንገድ የብቻው ነው። ቆቧን በሁለት ጣቱ ይዞ ጆሮው ሥር ያደርግና ቀስ አድርጎ ይወዘውዛታል። ያዳምጣታል። ከዚያ ወይ በቀኙ ያስቀምጣታል ወይ በግራው።

«ምን አለችህ?» አልኩት አንድ ቀን፣ ውኃ ሳቀርብለት።

«ደኅናዋ ዝም ትላለች» አለኝ፣ ከልቡ።

«ታዲያ ከሷ ብትማር ምናለ?»

ባለቤቴ ተቆጣ። እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ አለኝ። ኡስታ እንግዳ ከሆነ እንግዲህ ቤታችን ከእንግዳ ወጥቶ አያውቅም። ጠዋት መጥቶ ምሳ ይበላል፣ ምሳ በልቶ ማታን ይጠብቃል። የሰሊጥ ወንፊቴን ወስደው ባሩድ ማጥለያ አደረጉት። ስጠይቃቸው «እንመልሰዋለን» አሉ። መልሰውትስ? በባሩድ የጠቆረ ወንፊት ማን ሰሊጥ ያበጥርበታል? ወሰድኩና ዶሮ ቤቱ ላይ ከደንኩት።

የመጀመሪያው ሙከራ ጠዋት ነው የተደረገው። ከርከሮዎቹ ያን ቀን ፀሐይ ከወጣ በኋላም ከማሽላው ጠርዝ አልወጡም ነበር፤ ከደጃችን ይታዩናል። ባለቤቴ ምንሽሩን አወረደ። ኡስታ ከጀርባው ቆሞ እንደ ቅዳሴ መሪ እጁን ያነሣል ያወርዳል። እኔ ልብስ ላጥብ ውኃ በርሜሉ ጋ ነበርኩ። ባለቤቴ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። ሌላ ድምፅ የለም። ከርከሮው ቀና ብሎ አየንና መብላቱን ቀጠለ።

«እምቢ አለ» አለ ባለቤቴ፣ ጠመንጃውን ወደ ጎን ዝቅ እያደረገ። ያኔ ተኮሰ። ምንሽሩ ራሱ ማለቴ ነው፤ ባለቤቴማ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ጥይቱ ዘግይቶ አሰበበትና ወጣ። ከኔ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት በርሜሉን በስቶ በወዲያ በኩል ወጣ። ውኃው በሁለቱም ቀዳዳ ይንፎለፎል ጀመር። ያን ውኃ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ከወንዝ ያስቀዳሁት እኔ ነኝ። ቆሜ አየሁት። ቀዳዳው ከወገቤ ትይዩ መሆኑን ሳይ ነው ከምን እንዳመለጥኩ የገባኝ።

ሁለቱ ወደኔ የሚሮጡ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ለነገሩ ሁለት እርምጃ መጥቶ «ደኅና ነሽ?» አለ። ደኅና ነኝ ከማለቴ በፊት ኡስታ «ባሩዱ ረጥቧል!» ብሎ ጮኸ፤ ባለቤቴም ዞረ። «እኔ ቆቧ ትመስለኛለች» አለው። «የለም፣ ቆቧን ሰምቻታለሁ። ባሩዱ ነው።» በርሜሌ እየፈሰሰ እነሱ ይከራከራሉ። እኔ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀዳዳውን ወተፍኩ።

«ወንዝ ወስዳችሁ ጣሉት» አልኳቸው።

«ሴት ስለ ባሩድ ምን ታውቃለች?» አለ ኡስታ።

«ስለ በርሜል አውቃለሁ» አልኩት።

ነገሩ በኔ እንደማያልቅ ሳውቅ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም አስጠራሁ። አያ ነው የምላቸው። ረጋ ያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። መጡልኝ። ከራኩባው ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርሜሉንም አሳየኋቸው።

«አያ፣ እርሰዎ ይንገሩት። ሰው ሳይሞትብን።»

«እነግረዋለሁ» አሉኝ። ተቆጥተውም ነበር። ባለቤቴን ጠርተው «አንተ፣ ልጆችህን ልታስለቅስ ነው? የአባታችንን መሣሪያ ይዘህ በጨዋታ?» አሉት። ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ። ጠላ ልቀዳ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጠላውን ይዤ ስወጣ አያ ከጣሳው ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አድርገው እያዩ ነው።

«ይኼ ግራጫው ምንድን ነው?» ይላሉ።

«ታጋሹ ነው፣ አያ» ይላል ባለቤቴ።

ጣታቸውን አረሱ። ቀመሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጠላውን እዚያው ደፋሁት ብል ይሻል ነበር፤ ግን ቀዳሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሆኑ። አያ ቁጡው ይብዛ አሉ፤ ባለቤቴ ታጋሹ ይብዛ አለ፤ ኡስታ ሁለቱንም እሺ እያለ ሁለቱም ቤት ይበላል።

ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በቆመበት ሰሞን፣ የባለቤቴ አባት ጓደኛ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ሞቱ። አገሩን ካቀኑት ከቀሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከአብርሃ ጅራ ሳይቀር ሰው መጣ። በኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወጥቶ ሕዝብ ፊት ይሆናል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ ወንዶቹ እየፎከሩ ተራ በተራ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። ጠዋት ስንወጣ ባለቤቴ ምንሽሩን ሲያነሣ አየሁት።

«ከሰው ጠመንጃ ተውሰህ ተኩስ» አልኩት።

«አባቴን የቀበሩልኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ። «በአባቴ መሣሪያ ነው የምሸኛቸው።»

ይህን ሲል ሰደፉን በመዳፉ አበሰው። ጋቢውን አቀበልኩት። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ነገር ከተጀመረ ወዲህ ማስተዋል ያለበት ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም አሳዛኝ ሆነብኝ።

ለቅሶው ላይ ሌሎቹ በክላሽ ተኮሱ፤ ጆሮ ይበጥሳል። የባለቤቴ ተራ ደረሰ። ጋቢውን ጥሎ ወደ መሃል ገባ። አያቱንና አባቱን እየጠራ ፎከረ፤ ጥሩ ነው የፎከረው፤ ሴቶቹ ሳይቀር ቀና አሉ። ከዚያ ምንሽሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሳበ። የወጣው ድምፅ «ፍስ» የሚል ነው። ከአፈሙዙ ትንሽ ጭስ ወጣ። ከጎኔ ደረቷን እየደቃች የነበረች ሴት እጇን እንዳነሣች ቆመች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ለቅሶ እንዳይመስላችሁ። ከወንዶቹ መሃል አንድ ሰው «ምንሽሩም አዘነ» አለ።

ባለቤቴ ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። ያኔ ቢተወው ኖሮ ለዓመት የሚሆን ሳቅ አትርፎ ይቀር ነበር። ግን ኡስታና አያ ከጫፍ ቆመው አንዱ «ድገመው!» ሌላው «የኔኛዋን አግባ!» ይሉታል። የኔኛዋ የሚሉት አያ ናቸው፤ ቁጡው የበዛባትን። ተነሥቼ «ተው!» አልኩ። በሙሾው መሃል ማን ይሰማኛል? ባለቤቴ አጎረሰ፣ አቀና፣ ሳበ።

የዚህኛውን ድምፅ መግለጽ አልችልም። ተኩስ አልነበረም። ብረት የተቀደደበት ድምፅ ነው። ጭሱ ሲነሣ ባለቤቴ ቆሞ ነበር፤ የያዘው ሰደፉን ብቻ ነው፤ ግራ እጁን ያየዋል። ግንባሩ ላይ ደም ይወርዳል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አልቃሿ ዝም አለች። አስከሬኑ ባለበት ቀረ፤ አንድም የሚያየው ሰው የለም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሞቷል ብዬ ነበር፤ ቆሞ እያየሁት ሞቷል ብዬ ነበር። ነጠላዬን ቀድጄ እጁን ጠቀለልኩት። አንድ ባጃጅ ነጂ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ስለነበር በሱ ሽንፋ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ከዚያ መኪና ተለምኖ ገንዳ ውሃ፤ ከገንዳ ውሃ ደግሞ ጎንደር። መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «ቀብሩን አበላሸሁባቸው» ይላል። ደጋግሞ እሱኑ ይላል።

ግራ እጁ ላይ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ሄዱ። ዓይኑን እግዜር አተረፈለት፤ ቅንድቡ ላይ የገባውን ስባሪ ሐኪሞቹ አወጡት። የሚሊሻው አዛዥ የጠመንጃውን ቁርጥራጭ አይቶ ነገሩን ባጭሩ ነግሮን ነበር፦ የመጀመሪያው እርሳስ አልወጣም፤ መሃል መንገድ ላይ ተወትፎ ቀርቷል፤ ሁለተኛው እሱን ገጨው። በቃ። ይህን ማስረዳት ማሽተትም መቅመስም አልጠየቀም።

ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛ በሳምንቱ ኡስታ ጎንደር ድረስ ሊጠይቀው መጣ። ብርቱካን ይዞ። እኔ፣ ሰው ነው፣ ተጸጽቶ ነው ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩለት። እግዜር ይማርህ አለ። ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ፈታ፤ የተቀደደች የቀለህ ስባሪ ናት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት።

«መርምሬዋለሁ» አለ። «ባሩዱ አይደለም። ቆቧ ናት።»

ባለቤቴ እጁ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ፣ አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ከትራሱ ላይ ቀና አለ። «እኔስ ያኔውኑ ምን ብዬህ ነበር?» አለው።

ተያዩ። ደስ ብሏቸው ተያዩ! ብርቱካኑን አነሣሁ። ኡስታ ላይ ልወረውረው ነበር፤ ከጎን የተኙት በሽተኛ ሽማግሌ «ኧረ ተይ ልጄ» አሉኝ። ብርቱካኑን ለሳቸው ሰጠሁና ኡስታን ወደ በሩ ገፋሁት።

«ጣቱን የት አደረግኸው?» አልኩት። «ያን ሁሉ ስትመረምር ጣቱን አላገኘኸውም?»

ስባሪዋን በጨርቋ ጠቅልሎ ኪሱ ከቶ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደሚያለቅስ አወቅሁ። ለጣቶቹ ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የአባቴን ምንሽር» አለኝ። «ከበለሳ ድረስ ተሸክመውት የመጡትን።»

ስድብ አፌ ላይ ነበር። ዋጥሁት። ጀርባውን ዳሰስኩለት። ለብረት የሚያለቅስ ሰው አገባሁ እንዴ እያልኩም ቢሆን፣ ዳሰስኩለት።

ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ሁለቱን ጣሳ ከነወንፊቱ ወስጄ ወንዙ ጋ በዋልካ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። አያ በማግስቱ መጡ። ያን ያህል ዘመን ያከበርኳቸው ሰው በሩ ላይ ቆመው ዓይኔን ማየት አቃታቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ እንደመጡ ገባኝ፤ ግን የጠየቁኝ «ግራጫው ተርፏል?» ብለው ነው። ተቀብሯል አልኳቸው። የት አሉኝ። አልነገርኳቸውም። ጠላም አልቀዳሁም።

በዚያ ዓመት ሰሊጡን ያስወቃሁት እኔ ነኝ፤ ከጎጃም ከመጡ የቀን ሠራተኞች ጋር። ማሽላውን ከከርከሮ የጠበቅነው በሁለት ውሻና በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን የሚመታው ባለቤቴ ነበር፣ በቀኝ እጁ። እሱን አሸማቀቀው እንጂ ከርከሮው ገብቶ አያውቅም። «ይኼው ተባረረ» ስለው ቆርቆሮውን አንሥቶ ወደ ማዶው ጠርዝ ይሄዳል።

ኡስታ ግን ምንም አልጎደለበትም። እንደውም ስሙ ገነነ። ያንን ቀን በየጠጅ ቤቱ ይተርካል ይባላል፤ በሱ ትረካ ውስጥ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፣ ያልሰማው ባለቤቴ ነው። ከሳንጃ ሳይቀር ቀለህ ይዘው የሚመጡለት አሉ። ሁለት ጣት አንድ ሰው ላይ ሲጠፋ አይተው፣ ለራሳቸው ጣት መራጭ አድርገው የሚሾሙት እሱን ነው። የወንድ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራ።

ባለቤቴንም አልተዉትም። የተጎዳ ያውቃል ብለው ይመጣሉ። ራኩባው ሥር ቁጭ ብለው ባሩድ በወረቀት ጠቅልለው ያሳዩታል፤ እሱም መጀመሪያ መጀመሪያ ይመልስላቸው ነበር። ይኼ ቁጡ ነው፣ ይኼ ታጋሽ ነው፤ በሦስት ጣቱ እየጠቆመ። እኔ ምድጃው ጋ ሆኜ እሰማለሁ። ምግብ አላቀርብም፣ ውኃ አላቀርብም፤ ውኃ የጠማው ወንዝ ይውረድ።

ባለፈው በጋ ከአብርሃ ጅራ አንድ ሰው መጣ። የአባቱ ምንሽር እሱም አለው። ቀለሁንና ባሩዱን ከመሀረብ ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው፤ የት እንደገዛው፣ ስንት ቦታ እንደዞረ፣ ምን እንደተነገረው አወራ። ከዚያ ቆንጥሮ ባለቤቴ መዳፍ ላይ አደረገለት።

«እስኪ ይቅመሱልኝ» አለው። «እርሰዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

ማማሰያዬን አቆምኩ። ባለቤቴ መዳፉን ረጅም ጊዜ አየው። ነፋስ መጥቶ ጥቂቱን በተነው፤ የቀረውን ራሱ ወደ መሀረቡ መልሶ አራገፈው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እኔ አላውቅም» አለው።

ከዚያ ነጋዴ ሌላ፣ ስለ ባሩድ ወንድ ልጅ እንዲያ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ባለቤቴ ሳይስቅ ሲቀር ተናደደ፤ ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣሁት አለ። መሀረቡን ቋጥሮ ተነሣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ የኡስታን ቤት ጠየቀኝ።

«አላውቅም» አልኩት እኔም። ሰውየው ግን የሰፈሩን ልጆች ጠይቆ አገኘው፤ ከኋላው ቆሜ ሲሄድ አየሁት። ስመለስ ባለቤቴ እዚያው ተቀምጧል። ወጥ በጭልፋ ጨልፌ አቀረብኩለት። ቀምሶ፣ ጨው አነሰው አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አንሶት ነበር።